ከመርዶ የቀደመ ጋዜጣ

ከልደታ ማርያም ወረድ ብሎ፣ አሁን የመኪና ማቆሚያ በሆነው ቦታ ላይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ቤት ነበር። የፊት ክፍሉ የጋዜጣ ቢሮ፣ የኋላው የባልና የሚስት መኝታ ነው፤ በመካከላቸው መጋረጃ እንጂ ግድግዳ አልነበረም። ስለዚህ የአቶ ወልደ ሚካኤል ልጆች፣ ሴቷ ሶሲ እና ወንዱ የአብስራ፣ ፊደል የለዩት ከጋዜጣ ርእስ ላይ ነው፤ የተቆነጠጡትም ርእሱ ላይ ሻይ ስላፈሰሱ ነው። ጋዜጣው «ጎረቤት» ይባላል። በየቀኑ ይወጣል። መንግሥትን በተመለከተ ቁጥብ ነበር፤ ስለ ጌጃ ሰፈር ውሃ መጥፋት፣ ስለ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር መንገድ መቆፈር፣ ስለጠፋ በግና ስለተገኘ የቤት ቁልፍ ግን እጁ አይሰስትም። አንድ ሰሞን ችግር ቢጠናበት ሰፈርተኛው አክሲዮን ገዝቶ ደግፎ አቆመው፤ ትርፍ እንደሌለው ሲገባው ደግሞ አንድ በአንድ አክሲዮኑን ለወልደ ሚካኤል መልሶ ሸጠለት። እንዲህ እየሞተ እየተነሣ ልጆቹን አሳደገ።

የ«ጎረቤት» ባለቤቶች ሁለት ነበሩ፤ ሕግ የሚያውቀው ግን አንዱን ብቻ ነው። ወልደ ሚካኤል ፈቃዱን በስሙ አወጣ፤ ከወሎ መጥቶ ጠመንጃ ያዥ የከተመው በከር ደግሞ ማተሚያ ማሽኑን አመጣ። ያኔ አንድ ጠበቃ ጎረቤት ውል እንዲዋዋሉ ቢመክራቸው በከር ተቀየመ። እኔና ወልዴ መሃል ወረቀት ምን ቤት ነው ብሎ ጠበቃውን ሰላምታ እስከ መንፈግ ደረሰ። ወረቀት በማተም የሚተዳደር ሰው ወረቀትን እንዲህ ሲንቅ ያየ ሰው የለም። ግን እውነቱን ነበር። ፋሲካ ሲሆን የበከር ልጆች እዚህ፣ ዒድ ሲሆን የወልደ ሚካኤል ልጆች እዚያ ያድሩ የለ? የበከር ሚስት መይሙና የአብስራን ከራሷ ልጅ ከሙኒር ጋር በአንድ ሳፋ ታጥብ የለ? በአንድ ሳፋ የታጠበ ልጅ ይከዳል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

የልደታ ሰው «ጎረቤት»ን የሚያነበው ከኋላ ጀምሮ ነው። የመጨረሻው ገጽ የሐዘን ገጽ ነበር፤ ያረፈ ሰው ፎቶ፣ የሙት ዓመት ማስታወሻ፣ ላጽናኑ ምስጋና። የዚያ ገጽ ኃላፊ የወልደ ሚካኤል ሚስት ወይዘሮ ሠርካዲስ ነበረች። ማስታወቂያ ይዞ የመጣውን ሁሉ አስቀምጣ ውሃ ትሰጥና መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ክፍያ አይደለም። እናትየው መርዶ ተነግሯታል ወይ? እኅቱስ? ያልሰማ የቅርብ ሰው ካለ ወረቀቱን ትመልሳለች። ሰው ሞትን ከሰው አፍ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፈው ክንድ ጎኑ ሳለ ነው መስማት ያለበት ትላለች። አንድ ጊዜ አንድ ባለጸጋ የሟች ወንድም ሙሉ ገጽ ሊገዛ መጥቶ፣ አሮጊቷ እናት ደሴ እንዳለችና ገና እንዳልሰማች ሲናዘዝ፣ ቀድመህ ደሴ ድረስና ተመለስ ብላ ሰደደችው። ወልደ ሚካኤል ለቀረው ገቢ ጸጉሩን ሲነጭ በከር ግን ሳቀ። ከጋዜጣው ሁሉ የሚኮራው በዚያ ገጽ ነበር።

ክፉ ቀን ሲመጣ መች አንኳኩቶ ይገባል? የወልደ ሚካኤል ኩላሊት ታመመ። እጥበት ጀመረ። በመጀመሪያ የሠርካዲስ ወርቅ ሄደ፤ ቀጥሎ የቤቱ ዕቃ፤ ቀጥሎ የዘመድ ትዕግሥት። የአብስራ ያኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ አባቱ በውክልና ሁሉን ነገር ለእሱ ሰጥቶታል። ሴራሚክና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ የሚያስመጣ ፍሬምናጦስ የሚባል ሀብታም ጋዜጣ ሊገዛ ይፈልግ ነበር፤ ለምን እንደፈለገ እሱም በውል አያውቅም፤ ጓደኛው የሬዲዮ ጣቢያ ገዝቶ ሳይሆን አይቀርም። የአብስራ ሸጠለት። ስሙን፣ የቢሮውን ዕቃ፣ በወረቀት የአባቱ ከሆነው ሁሉ ጋር ማሽኑንም ሸጠ።

በከር ይህን ያወቀው የጭነት መኪና ማሽኑ ባለበት ግቢ በር ላይ ሲቆም ነው። ሰዎች ማሽኑን በገመድ ሲያስሩ የአብስራ ግድግዳ ተደግፎ መሬት መሬት ያይ ነበር። አባቴን ላድንበት ነው ጋሽ በከር አለ። በከር አልጮኸም።

«ብትጠይቀኝ እምቢ እልህ ነበር?»

ቢጠይቅ ኖሮ በከር ማሽኑን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ያወጣው ነበር! ያልተጠየቀ ሰው ግን ተሰረቀ እንጂ ሰጠ አይባልም። በዚያች ቀን በከር የወልደ ሚካኤልን ደጃፍ ላይረግጥ በአላህ ስም ማለ። እንዲህ ያለው መሐላ ለመማል ቀላል ነው፤ ችግሩ አብሮት መኖሩ ላይ ነው።

ገንዘቡ ወልደ ሚካኤልን አላዳነውም። ጓደኛው ሲቀበር በከር ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እስኪሄድ ጠብቆ፣ መቃብሩ ላይ ብቻውን አነባ። ድንኳኑ ግን አልገባም። ቆይቶ መይሙና ታመመች፤ «ሂድና ታረቅ» እንዳለችው ሞተች። ሠርካዲስ ለቅሶ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ቀኑን ሙሉ ስትቀመጥ በከር ዓይኗን ሳያይ ሸኛት። ሙኒር ጅዳ ሄደ። የቆርቆሮ ጣሪያው ቤት ለልማት ፈረሰና ሠርካዲስ እዚያው ልደታ ኮንዶሚኒየም ገባች። በሽያጩ ውል ላይ ለመሥራቹ ቤተሰብ በየማለዳው አንድ ጋዜጣ በነፃ ይደርሳል የሚል አንቀጽ ነበር፤ ከውሉ ሁሉ የተከበረው ያ ብቻ ነው። ፍሬምናጦስ የአብስራን ምክትል ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ቀጠረው፤ ዓመት ሳይሞላ በትሕትና አሰናበተው። የአብስራ የጭነት መኪና ሾፌር ሆነ፣ ድሬዳዋ መስመር።

በከርስ? በከር ከልደታ ማርያም አጥር ሥር ድንጋይ ደርድሮ ጋዜጣ ማከራየት ጀመረ። ሰው ተቀምጦ አንብቦ፣ ሳንቲም ጥሎ ይሄዳል። ሃያ ዓመት ያተመውን ጋዜጣ እያከራየ ይኖራል ሲሉት አልተሸማቀቀም፤ «ልጁን የዳረ አባት የአማቹን ደጅ አይጠናም እንዴ?» ይል ነበር። አንድ ቀን ግን የአብስራ መጣ። «ጎረቤት»ን ተከራይቶ ከሁሉ ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤ አንድም ገጽ ሳይገልጥ ብዙ ቆየ። በከር ልጁ የመጣበትን ምክንያት ያውቃል። እንዴት አያውቅም? ልጁ ጋዜጣውን ሲመልስለት ቀና ሳይል ተቀበለው። የአብስራ ትንሽ ቆመ… ሄደ።

እንግዲህ ያች እሑድ መጣች። በከር ገና ሳይረፋፍድ የጋዜጣ እስሩን ሲፈታ የፊተኛው ገጽ ላይ በጥቁር ክፈፍ ውስጥ የአብስራ ሳቀለት። ትናንት አዋሽ አካባቢ በደረሰ የመኪና አደጋ… የቀድሞ ባልደረባችን… ድርጅታችን የተሰማውን ጥልቅ ሐዘን… ፍሬምናጦስ ደግ ሥራ የሠራ መስሎት ነው። ሬሳው ገና መንገድ ላይ ሳለ በባለ ቀለም አወጣው።

በከር ሶሲ ጋ ደወለ። ሶሲ በዚያ ድንጋይ በኩል ስታልፍ ሰላም ሳትለው ቀርታ አታውቅም። እያለቀሰች፣ እሷና ዘመዶቿ አስከሬኑን ይዘው አዳማን እንዳለፉ፣ እናቷ ገና ምንም እንዳልሰማች፣ የንስሐ አባቷ ከቅዳሴ ሲወጡ ከሽማግሌዎች ጋር መርዶውን እንደሚነግሯት አወራችው። የደም ግፊቷ ከፍተኛ ነው፣ ሐኪም እንኳ አስጠንቅቋል። በከር ስለ ጋዜጣው ሲነግራት እንደ ሕፃን ልጅ «ጋሽ በከር፣ ድረስልኝ» አለች።

በከር ጋዜጦቹን እንደተበተኑ ትቶ ሮጠ። ሮጠ ስንል ጉልበቱ የፈቀደለትን ያህል ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣውን የሚገባውን በትከሻው እየገፋ፣ ታክሲ እየተጮኸበት አስፋልቱን ተሻገረ። ሠርካዲስ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ጋዜጣውን ሶሲ ናት የምታነብላት፤ ሶሲ ከሌለች ደግሞ ጎረቤቷን ጠጅቱን ትጠራለች። ጠጅቱ ደግሞ ያየችውን ሳትጮኽ የምታነብ ሴት አይደለችም። ጠርታት ይሆን? እያነበበችላት ይሆን? በኮንዶሚኒየሙ በር ላይ አዟሪው ደጉ ብስክሌቱን ይዞ ሲወጣ አገኘው። ሰጠሃቸው ወይ ብሎ ቁና ቁና እየተነፈሰ ጠየቀው። ደጉ የሚያዞረውን ጋዜጣ አንብቦ አያውቅም።

«እሳቸውማ ከወፍ ቀድመው ነው የሚቀበሉኝ። እርስዎ ምን ሆነው ነው ጋሼ፣ ለታላቁ ሩጫ ተመዘገቡ እንዴ?»

በከር ደረጃውን ያዘ። ጠጅቱ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወደ ሠርካዲስ በር ስትሄድ ደረሰባት። ዛሬ እኔ ነኝ የማነብላት አላት። ጠጅቱ ፊቱን አይታ ወደ ኋላዋ ተመለሰች።

ሠርካዲስ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ጋዜጣው ጭኗ ላይ ተዘርግቷል፤ እጇ ፎቶው ላይ ነው። የልጇን ፊት፣ ሳታውቀው፣ በመዳፏ ታሻሸዋለች። በከር በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። አምላክ ሆይ፣ ይህን ለማየት ነው ዕድሜ የሰጠኸው? ማነው ስትል ስሙን ተናገረ። ድምፁን ለይታ፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል ግባ ብላ፣ ወንበር በእጇ ጠቆመችው።

«ዛሬ ትልቅ ፎቶ አውጥተዋል። ጥቁረቱ ብቻ ነው የሚታየኝ። ማነው?»

«ሚኒስትር ነው።»

«የትኛው?»

«አዲሱ።»

ጋዜጣውን ቀስ አድርጎ ከጭኗ አነሣ። እንዲያነብላት ለመነችው። በከር የአብስራን ፎቶ ፊት ለፊቱ ይዞ፣ የሌለ ዜና ማንበብ ጀመረ። ጌጃ ሰፈር ውሃ መጣ አለ። ጠመንጃ ያዥ የተቆፈረው መንገድ ተደፈነ አለ። በግ ጠፍቶ ነበር፣ ተገኘ አለ። ዕንባው በጺሙ እየወረደ ድምፁን ግን አላበላሸም፤ የቀድሞ «ጎረቤት» እንኳ በአንድ ቀን ይህን ያህል መልካም ዜና ይዞ ወጥቶ አያውቅም። የቅዳሴው ድምፅ በመስኮቱ ይሰማል። ቄሱ መቼ ይሆን የሚወጡት? ሽማግሌዎቹ የት ደርሰው ይሆን? ሠርካዲስ አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች። አንብቦ ሲጨርስ የሐዘኑን ገጽ እንዲያነብላት ጠየቀችው።

«ዛሬ የሞተ ሰው የለም» አለ በከር።

ያን ገጽ ስንት ዘመን በእጇ ያስተዳደረች ሴት ናት፤ ልደታ ሰው ያልሞተበት ቀን አይታ አታውቅም። እጇን ዘርግታ እጁን ፈለገች፤ አገኘችው፤ እርጥብ ነበር።

«በከር፣ እዚህ ቤት ያልመጣኸው በልጄ ምክንያት ነው። ዛሬ ከመጣህ… ልጄ የለም ማለት ነው።»

በከር መርዶ ነጋሪ አልነበረም። ለዚህ የተላኩት ሽማግሌዎች ገና ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ግን እጇን እንደያዘ፣ አዋሽ ላይ፣ ትናንት፣ ሳይሰቃይ አላት። ሳይሰቃይ የሚለውን ከጋዜጣው አላገኘውም። ሠርካዲስ አልጮኸችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ ወገቧ ላይ አሰረች፤ ወደ ፊት ወደ ኋላ መወዛወዝ ጀመረች።

«ይቅር ብለኸዋል?» አለችው።

«አፉ ብዬዋለሁ።»

«መቼ?»

መዋሸት ይችል ነበር፤ ጠዋቱን ሙሉ ሲዋሽ ነው የዋለው።

«አሁን… ደረጃውን ስወጣ።»

ያኔ ነው ሠርካዲስ የጮኸችው። ጠጅቱ ተቀበለቻት፤ ሕንጻው ሁሉ ተቀበላት። የንስሐ አባቷና ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ መርዶው ቀድሟቸዋል፤ አንድ ሽማግሌ እስላም የጓደኛውን ሚስት ደግፎ፣ «ልጃችን፣ ልጃችን» እያለ አገኙት።

በከር ድንኳኑ ውስጥ በአባት ቦታ ተቀመጠ። ቦታውን ማንም አልሰጠውም፣ ማንም አልከለከለውም። ፍሬምናጦስ በጥቁር መነጽር መጥቶ፣ ማስታወቂያውን በፊት ገጽ ያወጡት ያለ ክፍያ መሆኑን ለሶሲ በሹክሹክታ ነገራት። ሶሲ አየችው። ምን እንዳጠፋ የነገረው ሰው የለም፤ ቢነገረውም የሚገባው አልነበረም። ወራት ሳይቆይ ጋዜጣውን ለሌሎች ሸጠ፤ እነሱም ማተሙን ትተው ስልክ ላይ አወጡት። ዛሬ «ጎረቤት» የማን እንደሆነ ቢጠየቅ የልደታ ሰው አያውቅም።

ዕድል የሚሉት ነገር ምንኛ ጨካኝ ነው! ለመታረቅ የመጣን ልጅ ቀና ብሎ ለማየት አንድ አፍታ ይበቃ ነበር፤ ያን አፍታ ግን ማን ሊመልሳት? ሰው ሲሞት ቤቱና ማሽኑ ወራሽ አያጡም፤ ይቅርታ ግን በጊዜው ካልተሰጠ ማን ይወርሰዋል? የአብስራ «አፉ» የሚለውን ቃል ሳይሰማ አፈር ገባ። በከር አሁንም ጠዋት ጠዋት ከልደታ ማርያም አጥር ሥር ይቀመጣል። ጋዜጣ የሚመልስለትን ሰው ሁሉ፣ የማያውቀውን እንኳ፣ ቀና ብሎ ፊቱን ያየዋል። አንዳንዱ ይደነግጣል፤ ምን አጠፋሁ ብሎ የሚጠይቅም አለ።