ሦስተኛው ደባል

አዲስአለም የማትሪክ ውጤት በሚታተምበት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ከማተሚያው የወጣውን ረጅም ወረቀት በመታጠፊያው እያጠፈች ስትደረድር ዓይኗ አንድ መስመር ላይ ቀረ። ጠዋት ራሷ የጻፈችው ቀን ነበር፤ 18/11/79።

ዛሬ ሐምሌ አሥራ ስምንት 1979 ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። ሥራውን የሚያሠለጥኗት ጋሽ ገዛኸኝ «ቀኑን ሙዪለት» ብለዋት ወደ ሌላ ሥራ ሲዞሩ፣ በደብተሯ እንደለመደችው ጻፈችው። እሳቸውም ስለሚያምኗት አላዩትም። ኮምፒውተሩ ራሱን ስምንት ዓመት ገደማ ወደ ኋላ መልሶ፣ ትናንት የተመዘገበውን የማትሪክ ውጤት ሁሉ ገና ወደፊት የሚመጣ ነገር አድርጎ ቆጠረውና አልቀበልም አለ።

ከግማሽ ሰዓት በፊት የክፍሉ ኃላፊ ጓድ በፍቃዱ «ይሄ አሻጥር ነው!» ብለው ጋሽ ገዛኸኝን ወደ ላይኛው ፎቅ ወስደዋቸዋል። እሪ በከንቱ ሰፈር የአዲስአለም ጎረቤት የነበሩ ሰው «ለአንድ ጥያቄ» ተብለው እንደተወሰዱ ሳይመለሱ ሁለት ዓመታቸው ነው።

«ቆንጅት» አለች፤ አብራት ለልምምድ የመጣችውን የክፍል ጓደኛዋን። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ቆንጅት መስመሩን አየች። ቀጥላ በሩን አየች። «ቅደጂው! ፋራ አትሁኚ። ማን አየሽ?»

«ጋሽ ገዛኸኝስ?»

«ትልቅ ሰው ናቸው፤ መላ አያጡም። አንቺ ብትታሰሪ እናትሽ በምን አንጀቷ ትችለዋለች?»

አዲስአለም ትእዛዝ የሚጻፍበት ተርሚናል ፊት ተቀመጠች። በትልቁ ኮምፒውተር ውስጥ ሦስት ሥርዓቶች በደባልነት ይሠራሉ። ጋሽ ገዛኸኝ ሲያስተምሯቸው «አንዱ ደባል ቢያብድ ቤቱን አታፈርሱም፤ እሱን ብቻ አስወጥታችሁ እንደገና ታስገቡታላችሁ» ይሉ ነበር። የማትሪኩ ሦስተኛው ደባል ነው። በማስወጫው ትእዛዝ ላይ የደባሉ ቁጥር ከተረሳ ግን ሦስቱም ይጠፋሉ።

ትእዛዙን አንድ በአንድ እየለቀመች ጻፈች። ሦስት ቁጥርን ጨመረች። ሁለት ጊዜ አነበበችውና ቁልፉን ተጫነች።

ስክሪኑ ጨለመ። ከመስኮቱ የፒያሳ ታክሲዎች ክላክስ ብቻ ይሰማል። ቆንጅት ትከሻዋን ጨምድዳ ያዘቻት።

ከብዙ ቆይታ በኋላ አንዲት መስመር ብቅ አለች። ቀን ትጠይቃለች። አዲስአለም በጣቶቿ ቆጥራ 25/07/87 ብላ ሞላች። ማተሚያው አንዴ ተንተባተበና ስም በስም ላይ ይደረድር ጀመር።

«ዳነ!» ቆንጅት አፏን በእጇ ያዘች። «በቃ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ነው። ያቺን መስመር ብቻ አጥፊያት።»

ያን ጊዜ ከላይ ወንበር ሲወድቅ፣ ቀጥሎም የጓድ በፍቃዱ ጩኸት ተሰማ። «ማን ነው የላከህ? አንተን እኮ ነው!»

ጋሽ ገዛኸኝን አንተ ብሎ የሚጠራ ሰው አዲስአለም ሰምታ አታውቅም።

የጠዋቱን ወረቀት በመታጠፊያው ላይ ቀስ ብላ ገነጠለችው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ከቀኑ ጎን በሰማያዊ ብዕር ጻፈች፤ «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት። ጋሽ ገዛኸኝ አያውቁም። አዲስአለም ደምመላሽ፣ 10ኛ ለ።»

«ወደ ላይ ልትወጪ ነው?» አለች ቆንጅት።

«አዎ።»

መስመሩ ከላይ እንዲታይ አድርጋ ወረቀቱን አንዴ አጠፈችው። የብዕሩን ክዳን ገጠመችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።