ወራጅ አለ

ይህ በራሴ የደረሰ ነው። አልምልላችሁም... የእኔ መሐላ ምን እንደሚያወጣ ስትጨርሱ ታውቃላችሁ።

ሞጣ ነው። ባለፈው ጥቅምት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ጨለማ ነበር እንዳልል ጨለማ አልነበረም።

ስሜ ታዘበው ነው። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ጓደኛዬ የኔሰው ደግሞ ባዮሎጂ ያስተምር ነበር።

ነበር...

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ትንንሽ ዓሣ ልናወጣ ወንዝ ወረድን። ስንመለስ ሞልቶ ጠበቀን። አንድ ዱላ ግራና ቀኝ ይዘን ገባን፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ውሃው ከእጄ ነጠቀው» አልኩ። አገር አመነኝ። ተለቀሰ፣ እኔም ተጽናናሁ። ከዚያ ሞጣ አላስቀምጥ ሲለኝ ቢቸና እናቴ ቤት ገባሁ።

ያን ሐሙስ የሄድኩት ሚስቱ ወለተ ሐና ስለጠራችኝ ነው። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

ገና ሳልቀመጥ፣ «ልጁን ክርስትና የምታነሳው አንተ ነህ» አለችኝ። «እስከ መጨረሻው ዱላውን ያልለቀቀ ሰው እያለ ሌላ አልፈልግም።»

አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላት።

ፊት ለፊቴ የየኔሰው የመስታወት ገንዳ አለ። ዓሣዎቹ ከጣት አይበልጡም፤ አሥራ ሁለት ናቸው። እሱ ስለነሱ ማውራት ከጀመረ ምሳውን ይረሳል።

«እያቸው» ይለኝ ነበር፣ «እንግዳ ነገር ሲያዩ መንጋው ይቆማል። ሁለት ብቻ ወጥተው ይጠጉታል፤ አውሬ ይሁን አይሁን ሊሰልሉ። አንዱ ከኋላ ከቀረ የፊተኛው ተበላ ማለት ነው።»

«የቀረውስ?»

«መንጋው ቂም ይይዝበታል። ሁለተኛ አብሮት የሚወጣ የለም።»

ስቄበት ነበር። ዓሣ ቂም ሲይዝ! ምን አለ ያኔ ምላሴ በተቆረጠ።

አሁን ዓሣዎቹ አይንቀሳቀሱም። አሥራ ሁለቱም አፋቸውን ወደ እኔ አዙረው ቆመዋል።

ወንበሬን ወደ ግራ ሳብ አደረግሁ...

ዞሩ። እኩል። አንድም አልዘገየም።

ከዚያ ሁለቱ ከመንጋው ወጡ። ጎን ለጎን ሆነው ጥቂት ቀረቡ... ቆሙ... ደግሞ ቀረቡ...

መሐል ላይ አንዱ ቀረ።

ሌላው ቀጠለ። ዘወር ብሎ አላየም። አብሮት ያለ መስሎታል።

እግሬ በረደኝ። እንዲህ ነበራ! እንዲሁ ነበር እኮ! ወራጁ ውሃ ጉልበቴን ሲያልፍ ነፍሴ ጣፈጠችኝ፤ ዱላውን ለቀቅሁ። ውሃው የለቀቅሁትን ጫፍ ሲስብለት እኔ የያዝኩት መስሎታል። «አይዞህ፣ ደረስን» እያለኝ ነበር። ከኋላው ሰው ሳይኖር።

«ምን ሆንክ?» አለች ወለተ ሐና።

«ም... ምንም።»

«እነሱ ናቸው?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እንግዳ በመጣ ቁጥር ይወጣሉ። ግን ሁለት ሆነው ነው የሚመለሱት። ሁልጊዜ ሁለት።»

ቀና ስል የፊተኛው ዓሣ የለም።

ቆጠርኩ። አሥራ አንድ። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ። የገንዳው ክዳን እንደተዘጋ ነው።

ከኋላ የቀረው ወደ መንጋው ተመለሰ። መንጋው ተከፍቶ ራቀው። ወዲያ ሲል ይርቁታል፣ ወዲህ ሲል ይርቁታል።

ወለተ ሐናም አየች። ገንዳውን አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ዱላውን ይዘኸው ነበር... አይደል?»

እዚያ ላይ መናገር እችል ነበር። ቢበዛ ትረግመኝ ነበር፤ መረገም ደግሞ ይገባኝ ነበር።

«በሥላሴ ይዤዋለሁ» አልኩ።

ከዚያ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አንሾካሾከች።

«ታዘበው...»

ስሜ ነው። ግን ዓይኗ እኔ ላይ አልነበረም፤ ሆዷ ላይ ነበር። እኔን ትጥራኝ፣ ልጇን «ይህን ሰው ታዘበው» ትበለው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ። ዘንዶው እኔው ሆኜ አረፍኩት።

ደህና ዋይ እንኳ ሳልል ወጣሁ።

መናኸሪያው ውስጥ የቢቸና ሚኒባስ አገኘሁ። «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል ረዳቱ። የቀረችው ቦታ ከጎኔ ናት። የሚገባው ሁሉ ያያታል፣ ከዚያ ሌላው ላይ ተደርቦ ይቀመጣል።

አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው ቆሙ።

«እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ እንጂ» አልኳቸው።

ቦታዋን አዩ። «ተይዞ የለም እንዴ ልጄ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

ደብረ ወርቅን ስናልፍ ጭኔ ረጠበብኝ። ባዶው ወንበር ውሃ ያንጠባጥባል። ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል የለም።

ቢቸና መግቢያ ላይ ረዳቱ ዞረ።

«ወራጅ አለ?»

አፌን አልከፈትኩም።

«አለ» አለ ከጎኔ፣ ከባዶው ወንበር። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ... «አይዞህ፣ ደረስን።»

ረዳቱ በሩን ከፈተ።

ቁልቁል አየሁ። መዳፌ ውስጥ የረጠበ ዱላ ጫፍ አለ። ሌላኛው ጫፍ በሩ ጋ ደርሷል... ቀድሞኝ እየወረደ ነው።