ለቶማስ ወንድም ሆኜ የፈረምኩበት ቀን

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ የጠንቋይና የዛር ነገር የሚያወራልኝን ጓደኛ ሁሉ "ሥራ ፈት!" እያልኩ ስቀልድበት የኖርኩ፣ ዕድሜዬን ፊዚክስ በማስተማር የጨረስኩ መምህር ነኝ። ይህን የምነግራችሁም ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም፣ እመኑኝ፣ ለራሴ የማስረዳበት መንገድ ቢጠፋኝ ነው።

ቶማስ ህንዳዊ ነው፣ ሞጣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ አብረን እናስተምራለን። ሚስቱም ልጆቹም አገሩ ናቸው፣ አማርኛው "እሺ" እና "ቀስ በቀስ" ላይ ያበቃል፣ እኔም እንግሊዝኛ ይሻለዋል ተብዬ ከቤት ኪራዩ እስከ ወፍጮ ቤቱ የሱ አስተርጓሚ ሆኜ ቀረሁ። ለፈተና ሥራ ብቸና ሄደን ሳለን አተኮሰው፣ በማግስቱ ጠዋት ትንፋሽ ሲያጥረው ሆስፒታል ይዤው ገባሁ። ደብረ ማርቆስ እንዳልወስደው መንገዱ ከዋዜማው ጀምሮ ተዘግቷል፣ ኔትወርክ የለም፣ አገሩ ደውዬ ቤተሰቡን ልጠይቅ ብልም አልችልም።

ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ "አስታማሚው ማነው? ምኑ ነዎት?" አለችኝ። መቼም ታውቁታላችሁ፣ እኛ ዘንድ አስታማሚ የሌለው ታማሚ ግማሽ ሬሳ ነው፣ ምግብ የሚያቀርብለት፣ መድኃኒት ሮጦ የሚያመጣለት፣ የሚያገላብጠው፣ የሚፈርምለት አስታማሚው ነው፣ "የሥራ ባልደረባው ነኝ" ብላት ነገሩ የሚጓተት መሰለኝና "ወንድሙ ነኝ" ብዬ ፈረምኩ። ልጅቷ የሱን ፊት አየች፣ የኔን አየች፣ "በየት በኩል?" ብላ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። የአስታማሚ ካርድ ተሰጠኝ። የበሩ ዘበኛ "መምህር፣ ተተኪ ሳያመጡ መውጣት የለም፣ ታማሚ ብቻውን አይተውም" ቢለኝ፣ ለጥቂት ሰዓት ነው ብዬ ገባሁ።

ክፍሉ አራት አልጋ አለው፣ የተኛው ግን ቶማስ ብቻ ነው። መስኮቱ ጋ ያለው አልጋ ላይ አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች፣ ታማሚዋ ለምርመራ ወጥቶባት ይሆናል ብዬ ምንም አልመሰለኝም።

ትኩሳቱ ሲብስ ቶማስ እንግሊዝኛው ጠፋው። አዎ፣ ጠፋው፣ በአገሩ ቋንቋ ብቻ ይቀባጥር ጀመር፣ አንዲት ቃል አልገባኝም። ዶክተሯ የሳምባ ምች እንደሆነ ነገረችኝና "የማይስማማው መድኃኒት አለ? አስበው ይንገሩኝ፣ የፔኒሲሊን መርፌ ላዝለት ነው" አለችኝ። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ግን ወንድሙ ነኝ ብዬ ፈርሜያለሁ፣ ነርሷ ቆማለች፣ ሴትዮዋ ትሰማለች፣ የወንድሙን ነገር የማያውቅ ወንድም ምን ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝና "የለም፣ ምንም የለም" አልኩ፣ ያውም ፍርጥም ብዬ።

ዶክተሯና ነርሷ ወጡ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ቢሆን ነው፣ ጭጋጉ መስኮቱን ሸፍኖታል። መጀመሪያ የሰማሁት አምባር ነው፣ ቅጭል፣ ቅጭል፣ የብር ድምፅ አይደለም፣ ከብር የቀለለ፣ የመስታወት ነገር። ከዚያ ቶማስ መቀባጠሩን ተወና ከሰው ጋር እንደሚጨዋወት ሰው ቀስ ብሎ ማውራት ጀመረ፣ እሱ ዝም ሲል አምባሩ ይሰማል፣ አምባሩ ዝም ሲል እሱ ይመልሳል። አልደብቃችሁም፣ ፈራሁ። ልወጣ በሩን ያዝኩ፣ እጀታው ይዞራል፣ በሩ ግን ንቅንቅ አይልም፣ እርጥበት አሳብጦት ነው አልኩ ለራሴ፣ የፊዚክስ መምህር አይደለሁ!

"ልጄ" አለችኝ ሴትዮዋ ፊቷን ሳታዞር፣ ጥርት ባለው በኛው አማርኛ፣ "ወንድሙ ነህ?"

"አዎ፣ እማማ።" ደግሜ ዋሸሁ።

"ታዲያ በልጅነቱ በዚያ መርፌ ጉሮሮው ተዘግቶ እንደነበር እንዴት ሳታውቅ ቀረህ? ይኸው እየነገረህ አይደለም?"

በሩ ተከፈተና ነርሷ መርፌውን ይዛ ገባች። "አቁሚ! ፔኒሲሊን አይስማማውም!" ስል ራሴን ሰማሁት። ዶክተሯ ተጠርታ መጣች፣ መድኃኒቱ ተቀየረ፣ እኔም እግዜር ይስጥልኝ ልል ዞር ብል መስኮቱ ጋ ያለው አልጋ ባዶ ነው፣ ፍራሽ እንኳ የለውም፣ ሽቦው ብቻ ነው።

አመሻሽ ላይ ትኩሳቱ በረድ ሲልለት እንግሊዝኛው ተመለሰለት። ጠየቅኩት። እውነት ነው፣ ልጅ ሆኖ በፔኒሲሊን ሊሞት ምንም አልቀረውም ነበር፣ ቀድማ ያወቀችው እናቱ ናት፣ እሷም ከሞተች ቆየች። "ለመሆኑ ማን ነገረህ?" አለኝ። ውኃ ላምጣልህ ብዬ ወጣሁ።

ነርሷን ኮሪደር ላይ አገኘኋትና "ሲስተር፣ መስኮቱ ጋ የነበረችው ሴትዮ የት ሄደች?" አልኳት።

"የምን ሴትዮ ጋሼ? ከእናንተ በቀር ማንም አልነበረም።" ሳቅ አለች። "እኔንስ የገረሙኝ እርስዎ ነዎት፣ በሩ እንቢ ብሎኝ ከውጭ ስታገል ከሳቸው ጋር በቋንቋቸው ሲያወሩ ሰማሁዎት። ወንድሜ ናቸው ሲሉ ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ያን ጊዜ ነው ያመንኩት።"

ካርዴን ይዤ በቀጥታ ወደ ግቢው በር ወረድኩ። ዘበኛው "ተተኪዎስ?" አለኝ። ማንን ላምጣ? ተመለስኩ።

ቶማስ ተኝቷል። ወንበሩን ስቤ ስቀመጥ ዓይኑን ሳይገልጥ በዚያው ቋንቋው አንድ ነገር አለ። ቋንቋውን አላውቀውም፣ ዛሬም አላውቀውም፣ ግን ቃል በቃል ገባኝ። "እናቴ፣ ለዚህ ሰውዬ ትተሽኝ አትሂጂ፣ ይዋሻል" ነው ያለው። ከኋላዬ አምባሩ ቅጭል አለ። አልዞርኩም፣ እስኪነጋም ከዚያ ወንበር አልተነሳሁም።

ቶማስ ድኖ ሞጣ ገባ፣ አሁንም አብረን እንሠራለን፣ ለሰው ሲያስተዋውቀኝ "ወንድሜ" ነው የሚለኝ፣ እኔም ለዶክተሯ ስላልኳት ስለዚያች "የለም" እስካሁን አልነገርኩትም። አገሩ ደውሎ በቋንቋው ማውራት ሲጀምር ግን ሰበብ ፈልጌ ከክፍሉ እወጣለሁ፣ የሚለው እንዳይገባኝ።