ቀዝቃዛው ካውያ

ግራዝማች ባልቻ የጫማቸውን ጭቃ ደፉ ላይ ጠርገው ወደ ገሪማ ጓዳ ገቡ። ባለሱቁ ገሪማ አልጋው ላይ ተንጋሎ፣ ዓይኑ እንደ ፈጠጠ ሞቷል። የጓዳው መስኮት በአሮጌ ጋቢ ተወትፏል። ከራስጌው ወለሉ ላይ አንድ የከሰል ካውያ ክዳኑ እንደ ተከፈተ ተቀምጧል፤ ውስጡ አመድና የከሰል ስባሪ ሞልቶታል።

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ግራዝማች የዲላ ችሎት ነገር አጣሪ ነበሩ። ሬሳ አያስደነግጣቸውም፤ ችኮላ ግን ያስደነግጣቸዋል። የጣሊያኖቹ አዛዥ ካፒታኖው ደግሞ ቸኩሏል። «የከሰል ጭስ ነው የገደለው። ካውያውን ሆን ብላ የተወችው ልብስ ተኳሿ ሀጅራ ናት፤ የሽፍታ ወገን ናት» ብሎ ፈርዷል። ገበያው መሀል ካለው ዋርካ ላይ ገመድ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌዎቹ እግሩ ላይ ወድቀው ስለለመኑት ብቻ ፀሐይ እስክትጠልቅ ለግራዝማች ጊዜ ሰጠ። አይ ጊዜ! በክረምት ፀሐይ ስትጠልቅስ ማን ያያታል?

ግራዝማች የሟቹን ከንፈር ገለጥ አድርገው አዩ። ጥርሱ መካከል የጥጥ ብናኝ አለ። ከዚያ ካውያውን ገልብጠው ግርጌውን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት። ነጭ ነገር ተጠቅልሎ ወጣ፤ አሸተቱት።

የሟቹ ሚስት የትምወርቅ ጪጩ መንደር ለቅሶ አድራ ገና መመለሷ ነው።

«ጠላት ነበረው?» አሏት።

«ኧረ ግራዝማች! ሱቁን ይጠብቃል እንጂ ሰው ደጅ አይደርስም። ሰሞኑን ግን ከካፒታኖው ችሎት በተመለሰ ቁጥር እህል አይቀምስም ነበር። አስመራ ሲነግድ የጣሊያኖቹን ቋንቋ ተምሯል። ‹ዛሬ ነገ ሳልል ለካፒታኖው በራሱ ቋንቋ እነግረዋለሁ› ይል ነበር።»

«ምኑን?»

«መች ነገረኝ! ሴት ምስጢር አትችልም ብሎ ነዋ።»

ከጓዳው ፊት ባለው ሱቅ ውስጥ ያደረው የሟቹ ወንድም ወልዱ ነው። ሁለቱ በሱቁ ይጣሉ እንደነበር ዲላ ያውቃል፤ ወልዱም ዲላ ማወቁን ያውቃል።

«በእኔ ነው የሚያመካኙት አይደል?» አለ።

«ያየኸውን ንገረኝ።»

«ዝናብ ነበር። ሰው ሲገባ ኮቴ ሰምቻለሁ፤ ቀና ስል ጨለማ ነው።»

«እሳት የያዘ ሰው አልነበረም?»

«የነደደ ካውያማ በጨለማ እንደ ጅብ ዓይን ያበራል። ባየውማ ጮኼ አገር አነቃ ነበር!»

ሀጅራን ያገኟት ካምፑ በር ላይ፣ እጇ ታስሮ ነው። አጠገቧ ካፒታኖውና አስተርጓሚው ጓንጉል ቆመዋል። ጓንጉል አስመራ ጣሊያን ቤት አገልግሎ የመጣ፣ ሸሚዙ እንደ ወረቀት ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ መተት ፈርቶ ልብሱን ሰው የማያስነካ፣ ራሱ የሚተኩስ ጎረምሳ ነው። ዛሬ ግን ሸሚዙ ሐዘን ላይ ያደረ ይመስል ተጨማድዷል።

«ጌታዬ፣ ካውያዬ ቤቴ ነው!» አለች ሀጅራ። «እሳት በሰው ቤት ትቼ አላውቅም። ግርጌውን በኮባ ቅጠል ወልውዬ ነው የማኖረው። ስተኩስ ነው ያደግኩት፤ የእነዚህን ወታደሮችስ የምተኩሰው እኔ አይደለሁ?»

ጓንጉል ተረጎመ። የካፒታኖው ፊት ጠቆረ፤ ዘቡ ጠመንጃውን ወደ ሴትየዋ አዞረ። ግራዝማች ከጣሊያንኛ አንዲት ቃል ብቻ ያውቃሉ፤ እስረኞች ግድግዳ ተደግፈው ሲረሸኑ ሰምተዋታል። «ፉኦኮ»፣ ተኩስ ማለት ነው። ጓንጉል አሁን ተናገራት።

«ምን አልከው?»

«ያለችውን ነዋ! ወታደሮቹን የምተኩሰው እኔ ነኝ አለች።»

ግራዝማች ወደ ሀጅራ፣ ከዚያም ወደ ጓንጉል አዩ። ገሪማ እህል ያስጠላው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባቸው።

ሊመሽ ሲል ሁሉም ሱቁ በረንዳ ላይ ተሰበሰበ። ጓዳው ውስጥ የተገኘው ካውያ ካፒታኖው ፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የሀጅራንም ካውያ ከቤቷ አስመጥተው አጠገቡ አኖሩት። ደጁ በሰው ተሞልቷል።

«ገሪማን ጭስ አልገደለውም» አሉ ግራዝማች። «አፉ ውስጥ ጥጥ አለ፤ በትራስ ታፍኗል። ይህ ካውያ ግርጌው በሰም ተወልውሏል። ክረምት ዝገት እንዳይበላው በቀዝቃዛው የተቀባ ሰም ነው፤ እሳት ቢኖርበት ቀልጦ ያልቅ ነበር። ገዳዩ የነደደ ካውያ ይዞ በጨለማ መሄድ ፈራ፤ ስለዚህ የበረደ አመድ ሞላበት። ሀጅራ ደግሞ ሰም አታውቅም፤ የምታውቀው ኮባ ነው።»

ጓንጉል ይህን ሁሉ በሦስት ቃል ጨረሰው። ካፒታኖው ወደ ዋርካው አየ። ሀጅራ ማልቀስ ጀመረች።

«ብዙ ሰጥቼህ ትንሽ አደረስክ» አሉ ግራዝማች። «ግድ የለም፤ ወርቁን ብትደብቅ ሰሙ ራሱ ይናገራል።»

ከምድጃ ፍም አስመጥተው የሀጅራን ካውያ ሞሉና ነጭ ወረቀት ላይ አኖሩት። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ፍሙን ወደ ሌላው ገልብጠው ሁለተኛ ወረቀት ላይ አስቀመጡት። ሰሙ ጨሰ፤ ቀልጦም በወረቀቱ ላይ ተንጣለለ። ካፒታኖው ከወንበሩ ተነሣ። ግራዝማች በጣታቸው ወረቀቱን፣ ቀጥሎ የሟቹን ጓዳ አሳዩት፤ እዚያ እሳት አልነበረም ለማለትም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከዚያ የካፒታኖውን እጅጌ ነኩ፤ ሀጅራ የተኮሰችው ነው፣ ለስላሳ ነው። ሄደው የጓንጉልን እጅጌ ያዙና ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉት። ጭምድድ ብሏል።

«አስመራ፣ ጣሊያን ቤት ስታገለግል ካውያ በሰም መወልወል ተማርክ» አሉት ቀስ ብለው። «ትናንት ካውያህን እዚህ ትተህ ሄድክ፤ ዛሬ የምትተኩስበት አጣህ። ቃል እያጣመምክ ሰው በአንደበትህ ስታሰቅል የምትለው የሚገባው ገሪማ ብቻ ነበር፤ ለካፒታኖው ሊነግርብህ ሲል ገደልከው። ይህንንም ተርጉምለት።»

ጓንጉል አልተረጎመም። ካፒታኖው የተጨማደደውን ሸሚዝ ትክ ብሎ አየ፤ በየጠዋቱ ሲያሞግሰው የነበረውን ሸሚዝ። አንድ ቃል ተናገረ። ዘቦቹ የሀጅራን እስራት ፈትተው በዚያው ገመድ ጓንጉልን አሰሩት።

ወደ ዋርካው ሲጎትቱት በጣሊያንኛ ይጮህ፣ ይለምን ጀመር። ደጁን የሞላው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ምን እያለ እንደሆነ ሊነግራቸው የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ጓዳ ውስጥ ተገንዞ ተኝቷል።