የፊቢ ጋርት ብልቃጥ

«ናን ናት ስልህ! ለአይጥ ብላ መርዝ ገዝታ ለሽማግሌው አበላችው።»

የመንደሩ ፖስታ ቤት ኃላፊ ሚስስ ቲብ ለሸጠችው ቴምብር ሁሉ ይህቺን ወሬ ትመርቅ ነበር። ሰኞ ዕለት ወሬው «ይመስለኛል» ነበረበት፤ ረቡዕ «እርግጥ ነው» ሆነ። ሐሙስ ጠዋት ሄስተር ኩዌል ከከተማ በአውቶቡስ ስትደርስ፣ የሟቹ ወጥ ቤት ሠራተኛ ናን ኦዲ በመንደሩ ምላስ ተሰቅላ አብቅታለች፤ የቀረው የመንግሥት ገመድ ብቻ ነበር።

ሄስተር የሃያ ሰባት ዓመት የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት። ኬሚስትሪ ያስተማራት ሰው የለም፤ አሮጌ መጻሕፍት እየለቀመች ራሷን አስተማረች፤ ይህንንም ማንም እንዲረሳባት አትፈቅድም። አርሰኒክ የሚባለውን የአይጥ መርዝ ለናን የሸጠችላት እሷ ናት። በመርዝ መዝገቡ ላይ የናንን ስም የጻፈው የእሷ ብዕር ነው። ናን ብትሰቀል ገመዱን የገመደችው እሷ ልትሆን ነው። ስለዚህ ኢንስፔክተር ጎንት «መዝገቡን ላኪልኝ» ሲሏት ራሷ ይዛው መጣች።

«መዝገቡን እንጂ አንቺን አልጠራሁም፣ ሚስ ኩዌል።»

«መዝገቡ አይናገርም። እኔ እናገራለሁ።»

«እሱስ አያጠራጥርም» አሉ ኢንስፔክተሩ በረጅሙ ተንፍሰው።

ሟቹ ዶክተር አምብሮስ ተርልቢ ሠላሳ ዓመት ለመንግሥት መርዝ ሲመረምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ፍርድ ቤት ቆመው «አርሰኒክ ነው» ካሉ፣ ዳኛው የሞት ፍርድ የሚያነብበትን ጥቁር ጨርቅ አናቱ ላይ ያደርጋል ይባልላቸው ነበር። እሁድ ምሳ በልተው ሁለት ሰዓት ሳይቆዩ ሞቱ።

አስከሬኑን የመረመረው የመንደሩ ወጣት ሐኪም ዶክተር ሌሲ ነው። «ከሆዳቸው የወጣውን ከዚንክና ከአሲድ ጋር አዋሃድኩ፤ ጋዙን በጋለ የብርጭቆ ቱቦ አሳለፍኩ። ቱቦው ውስጡ እንደ መስተዋት እያበራ ጠቆረ። አርሰኒክ!»

«በየትኛው ዚንክ ሠሩት?» አለች ሄስተር።

ወጣቱ ደረቱን ነፋ። በሟቹ ቤተ ሙከራ መስኮት አጠገብ በመስተዋት ሣጥን የተቀመጡትን አሮጌ ቱቦዎችና ዚንክ የያዘ አንድ ብልቃጥ አሳያት። ብልቃጡ ላይ «የፊቢ ጋርት ጉዳይ። ኖቬምበር 14 ቀን 1922 ተሰቀለች» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ባሏን በአርሰኒክ ገደለች የተባለች ሴት ናት፤ ያስፈረዱባት ዶክተር ተርልቢ ነበሩ።

«በታላቁ ሰው መሣሪያ የታላቁን ሰው ገዳይ መያዝ ክብር መሰለኝ» አለ ሌሲ።

ሄስተር የሟቹን የወንድም ልጅ ክሪስፒንን ሳሎን ውስጥ አገኘችው።

«ከጃንዋሪ ጀምሮ ደብዳቤ ይመጣላቸው ነበር» አላት። «“ፊቢን ባሰቀልክበት አርሰኒክ ትሞታለህ” የሚል። ከዚያ ወዲህ አጎቴ ያልፈተኑትን አይጎርሱም። እሁድም ሥጋውን፣ ሶሱን፣ ሆርስራዲሹን አንድ በአንድ ፈተኑ፤ ከለንደን ባስመጡት አዲስ ዚንክ። እኔ በረሃብ አለቅሁ፤ ጥብሱ ቀዘቀዘ። ኋላ “ንጹሕ ነው” ብለው ሳቁና እንደ ጎረምሳ በሉ።»

«እርስዎስ ሆርስራዲሹን በሉ?»

«ያንን የሚያቃጥል ሥር? አፍንጫዬን ይሰነጥቀዋል። እሳቸው ግን በማንኪያ ነው።»

«ከዚያ ምን አሉ?»

«ከንፈሬን ጉንዳን ወረረው አሉ። እጃቸው በረዶ ሆነ፤ ዓይኔ ጨለመ አሉ። አእምሯቸው ግን እስከ መጨረሻው ንቁ ነበር።»

ናን ወጥ ቤት ውስጥ በፖሊስ ተጠብቃ ሽርጧን ታጨማድዳለች። «ልጄ፣ እኔ እኮ አይጥ እንኳ ስገድል ይቅርታ እጠይቃለሁ!»

«ሆርስራዲሹን ማን ፈቀፈቀው?»

«አትክልተኛው ኢኖክ ነዋ! እኔ ዓይኔን ስለሚያቃጥለኝ ስድስት ዓመት ሙሉ እሱ ነው ከጓሮ በር ውጭ ተቀምጦ የሚፈቀፍቀው። እንባው እየወረደ ይሰድበኛል፤ እኔም “ለቀብሬም እንዲሁ አልቅስልኝ” እለዋለሁ።»

«ባለፈው እሁድስ?»

ናን ሽርጧን ለቀቀች። «ባለፈው እሁድማ... አልሰደበኝም። ፊቱም ደረቅ ነበር። ታሞ መስሎኝ ሻይ ሰጠሁት።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ኩሩ ነው። ለሚስተር ክሪስፒን እንኳ ኮፍያ አያወልቅም። የመስተዋት ሣጥኑ ባለበት መስኮት ሲያልፍ ብቻ ያወልቃል። ዶክተሩ “እኔን ሲያከብር ነው” እያሉ ደስ ይላቸው ነበር።»

ሄስተር ወደ ጓሮ ወጣች። በግንቡ ሥር፣ የመነኩሴ ቆብ የሚባለው ባለ ሰማያዊ አበባ ተክል ከሚበቅልበት፣ አንድ ክንድ መሬት በቅርቡ ተቆፍሯል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በቤተ ሙከራው ሰበሰበቻቸው። ናን ታለቅሳለች፤ ክሪስፒን ሰዓቱን ያያል፤ ሌሲ እጁን አጣምሯል። ኢኖክ ሳሎው፣ ሽበታም ረጅም ሰው፣ ኮፍያውን ይዞ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«የሸጥኩላት አርሰኒክ በሕጉ መሠረት ጥላሸት የተቀላቀለበት ነው» አለች ሄስተር። «ምግቡ ላይ ቢነሰነስ ድስት የጠረገ ጨርቅ ይመስል ነበር። ዶክተሩም ፈትነው አላገኙም።»

«ሆዳቸው ውስጥ ግን ተገኝቷል!» አለ ሌሲ።

ሄስተር ብልቃጡን ከመስተዋት ሣጥኑ አወጣች። ከውስጡ ዚንክ ቆንጥራ ከአሲዱ ጋር አዋሃደችና ቱቦውን በእሳት ለበለበችው። ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ። ቱቦው እንደ መስተዋት እያበራ ጠቆረ።

«የማን ሆድ ነው ይሄ?» አሉ ኢንስፔክተሩ።

«የማንም። ንጹሕ ውኃ ነው። አርሰኒኩ ያለው ዚንኩ ውስጥ ነው። ከምርመራ በፊት ባዶውን፣ ማለትም ዚንኩን በንጹሕ ውኃ ብቻ፣ መሞከር ጀማሪ የማይስተው ነገር ነው፤ እርስዎ ግን እንደ ቅርስ ተሳለሙት፣ ዶክተር ሌሲ።»

ሌሲ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «እንግዲያው ፊቢ ጋርት...»

«እሷን ያሰቀላት ብልቃጡ ነው» አለች ሄስተር። «ዶክተር ተርልቢን የገደላቸው ደግሞ የመነኩሴ ቆብ ሥር። ከንፈር የሚያደነዝዘው እሱ ነው። በሆርስራዲሹ ሣህን ጠርዝ ደርቆ የቀረውን በመርፌ ጫፍ ነክቼ ከንፈሬን አስነካሁት፤ እስካሁን አልተመለሰልኝም።»

«ታዲያ ሥር ተሳስቶ ቆፍሮ ይሆናላ» አሉ ኢንስፔክተሩ ወደ ኢኖክ እያዩ።

«ሁለቱ ሥሮች ይመሳሰላሉ፤ ገና ማርች ነው፣ ቅጠል የላቸውም፤ መሳሳት ይቻል ነበር። ግን ስድስት ዓመት ያስለቀሰው ሥር አንድ ቀን ዓይኑን ሳያረጥብ ሲቀር፣ ሰው “ምንድን ነው የያዝኩት?” አይልም? ሚስተር ሳሎው አላሉም። ለሽታው ያህል ካለፈው ሳምንት የተረፈውን ቀላቅለው ላኩት። ሲያልፉ ኮፍያዎን የሚያወልቁትም ለዶክተሩ አልነበረም። በዚያ ብልቃጥ ላይ ስሟ ተጽፏል።»

ኢኖክ ብልቃጡን አየ።

«ልጄ ናት» አለ። «በባሏ ስም ተሰቀለች፤ አባቷን ማንም አልጠየቀም። ደብዳቤውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አርሰኒክ አርሰኒክ እያለ ሌላው እንዳይታየው። እሁድ በዚህ መስኮት ቆሜ አየሁት። ከንፈሩ ሲደነዝዝ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? የተፋውን ይዞ ወደ ዚንኩ ሮጠ። አርሰኒክ ሲፈልግ ሞተ።» ፈገግ አለ። «ልጄም አንድ ሌሊት እንኳ አምልጧት አያውቅም፤ በሕልሜ እየመጣች “በላ?” ትለኝ ነበር። በላ።»

«አንተ ሰውዬ!» ናን ከወንበሯ ተነሣች። «እኔንስ? እኔን ሊሰቅሉኝ አልነበረም?»

«እናገር ነበር፣ ናን።»

«መቼ? ገመዱ ከጠበቀ በኋላ?»

ኢኖክ፣ ኢንስፔክተሩ ክንዱን ሲይዙት ወደ ሄስተር ዞረ።

«ብልሃተኛዋ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ዶክተሩ የብልቃጡን ነገር ያውቅ ነበር?»

«አላውቅም፣ ሚስተር ሳሎው።»

«አውቆ ነው ብዬ ነው እኮ ስድስት ዓመት የጠበቅሁት።» ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «ሳያውቅ ከሆነስ? ሳያውቅ ከሆነ እኮ እኔና እሱ አንድ ነን።»

ፍርድ ቤት ቆሞም ያንኑ ጠየቀ፤ ማንም የመለሰለት የለም። ጁን ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት ተሰቀለ።

ሐሙስ ዕለት ለሄስተር ከክሪስፒን አንድ ጥቅል በፖስታ መጣላት፤ ፍርድ ቤቱ የመለሰው ብልቃጥ ነበር፣ «ለመታሰቢያ» የሚል ካርድ ተያይዞበታል። ሄስተር የማንንም መታሰቢያ አትፈልግም፤ ዚንኩን ደፍታ ብልቃጡን ልታጥበው ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈችው። «ኖቬምበር 14 ቀን ተሰቀለች» የሚለው የላይኛው ወረቀት ተላቀቀ። ከሥሩ ሌላ ወረቀት ነበር፤ በዶክተር ተርልቢ የእጅ ጽሑፍ፣ ቀለሙ ደብዝዞ፦

«ባዶውን ሞከርኩ። ጠቆረ። ኖቬምበር 11 ቀን 1922።»