ከጆሮ ጀርባ የተወሰደ ቆዳ

ስመኝ ዘወትር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የአጃ ሾርባ በምሳ ዕቃ ይዛ ሆስፒታል ትገባለች። መንታ እህቷ ብርዛፍ ሠርጓ ሁለት ወር ሲቀረው የፈላ ዘይት ፊቷ ላይ ተደፍቶባት ተኝታለች። ሐኪሞቹ ከስመኝ ጆሮ ጀርባ ጥፍር የምታህል ቆዳ ወስደው፣ ሴሎቹን በሳህን እያባዙ አዲስ ቆዳ ያሳድጋሉ። ፍጹም ተመሳሳይ መንታ ስለሆኑ የብርዛፍ ገላ እንደ ራሱ ይቀበለዋል ተብሏል። ምቀኛ አታሳጣኝ ይላል ሰው፤ ምቀኛዋ ሾርባ የምታመላልሰው ናት ብሎ የጠረጠረ ግን አልነበረም። የብርዛፍን እጮኛ፣ ይርጋን፣ አስቀድማ የወደደችው ስመኝ ነበረች።

ቆዳውን የምታሳድገው ዶክተር ሰብለ ሳህኑን በማሞቂያ ሣጥኑ መስታወት በኩል አሳየቻት። አልኮል አልኮል በሚሸተው ጠባብ ክፍል ማሞቂያው እንደ ንብ ቀፎ እያጉረመረመ፣ ሮዝ ውሃ ውስጥ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ስስ ነገር ተንሳፍፏል።

«አየሽ፣ አደገልን» አለች ዶክተሯ።

ለሚያድግ ነገር፣ ለሕፃንም ለጥጃም፣ «ከዓይን ያውጣው» ይባላል። ስመኝ ቃሉን ሆን ብላ ዋጠችው። ይርጋ ያን ቆዳ ሲዳብስ በሐሳቧ ታያትና ቀናች። ዓይኗን ከሳህኑ ሳትነቅል እስኪበቃት አየችው።

«ከዓይን ያውጣው በዪልኝ እሺ? እኔም እዚሁ ሆኜ እላለሁ» ወደ አልጋዋ ስትመለስ አለቻት ብርዛፍ ከፋሻዋ ሥር።

«እላለሁ እንጂ።»

በሦስተኛው ቀን ስመኝን ከጆሮዋ ጀርባ በላት። ቀጥሎ የቆየ ቅቤ ዓይነት ሽታ መጣ፤ የፀጉሯ መስሏት ታጠበች፣ አለቀቃትም። እሷ በየቀኑ እየሄደች ዝም ብላ ታያለች፤ የሳህኑ ቆዳ ይፋፋል፣ ከእሷ ጆሮ ጀርባ የጀመረው የሚያዥ ቁስል ደግሞ ወደ አንገቷ፣ ከአንገቷ ወደ ደረቷ ይወርዳል። ትራሷ ላይ ስስ ልጣጭ ተጣብቆ ስታገኝ አጥፋ ሸሸገችው። ነጠላዋንም እስከ ዓይኗ ሥር መከናነብ ጀመረች።

ቆዳው ተተክሎ የብርዛፍ ፋሻ የተፈታ ዕለት ዘመድ ሁሉ መረቀ። ይርጋ አለቀሰ። ፊቷ ከድሮውም አምሮ ነበር። ሰው ሲበተን ዶክተር ሰብለ ሽታውን ተከትላ መጥታ የስመኝን ነጠላ ገለጠች። ከራስ እስከ እግሯ መረመረቻት።

«እዚህ ላይ የሚተከል ጤነኛ ቆዳ ያስፈልጋል» አለች ቀስ ብላ። «ካንቺ ገላ ግን የሚወሰድ አላገኘሁም። ካንቺ ቆዳ ጤነኛ ሆኖ የቀረው እህትሽ ፊት ላይ ያለው ብቻ ነው።»

ስመኝ ቀና ብላ ወደ አልጋው አየች።

ብርዛፍ አዲሱን ጉንጯን በመዳፏ ሸፈነችና፣ እህቷን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ በለሰለሰ ድምፅ «ከዓይን ያውጣኝ» አለች።