የጠባቡ መንገድ ዘበኛ

ባለብስክሌቱ መምህር የሰደበኝ ትምህርት በተከፈተ ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። «አንተ ጋሪውን ትገፋ እንደሆነ፣ ጋሪው አንተን ይገፋህ እንደሆነ አይለይም!» ብሎ የኮሌጁን ተማሪ ሁሉ አሳቀብኝ። እሱ ረስቶት ይሆናል፤ እኔ አልረሳሁም።

ከቤተ መጻሕፍቱ ወደ በሩ የሚወርደው መንገድ በሁለት ግንብ መሃል ያለ ቁልቁለት ነው። እግረኛው፣ ብስክሌቱ፣ ስኬትቦርድ የሚሉት ባለጎማ ሳንቃ፣ ጋሪው ሁሉ በዚያ ጉሮሮ ይጋፋል። ከስድቡ ወር በኋላ አንድ ጠዋት፣ መጽሐፍ የተጫነውን ጋሪዬን አናቱ ላይ አቁሜ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ሸጉጬ፣ ላስፈርም ቤተ መጻሕፍቱ ገባሁ። ስወጣ ጋሪው የለም። ታች፣ ሽማግሌው የመንገድ ዘበኛ በጋሪዬና በግንቡ መሃል ተጣብቆ ሞቷል።

ጣት ሁሉ ወደ እኔ ተቀሰረ። ጋሪ ገፊ መቼ ይታመናል? እስር ቤቱ ታየኝ።

የመጣችው የፖሊስ መርማሪ በሩን አስዘግታ ሦስታችንን በዘበኛው ክፍል ውስጥ አጎረችን፦ እኔን፣ መምህሩንና ዘበኛው ስኬትቦርዱን የቀማውን ተማሪ። ክፍሏ ለአንድ ወንበር የተሠራች ናት፤ የመምህሩ ትንፋሽ አንገቴ ላይ ያርፋል።

«ጋሼ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርገው ነበር?» አለችኝ መርማሪዋ።

«ሃያ ዓመት ስገፋ ረስቼ አላውቅም።»

«ረስቶት ነው እንጂ!» አለ መምህሩ። «እኔንም ሊፈጀኝ ነበር። በብስክሌት ስወርድ ጋሪው መሃል መንገድ ላይ በጎኔ ሽው ብሎ አለፈኝ።»

ተማሪው ተንተባተበ። «እኔ በሩ ጋ ቦርዴን እየለመንኩ ነበር። ጋሪው ብቻውን መጣ፤ ትንሽ ቆይተው መምህር ደረሱ።»

ወጥታ ቆየች። ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሁላችንንም ከኮሌጁ ዲን ጋር መሃል ቁልቁለቱ ላይ ሰበሰበችን። የመምህሩን ብስክሌት ከግንቡ አስጠግታ አስያዘች።

«ጋሼ፣ ይህን ሌላ ጋሪ ይግፉልኝ።»

ገፋሁ። የብስክሌቱ እጀታ ጋ ሲደርስ ጋሪው ተቀረቀረ።

«መምህር፣ በጎንዎ ሊያልፍ አይችልም። ከፊቱ ቢሆኑ ኖሮ እርስዎም በሞቱ ነበር። ስለዚህ ከኋላው ነበሩ። ድንጋዩን ደግሞ ጋሪው መጀመሪያ ቆሞ ከነበረበት አራት እርምጃ ሽቅብ አገኘሁት። ድንጋይ ይንከባለላል እንጂ ዳገት አይወጣም፤ እጅ ነው ያነሳው።»

«እኔ ከዘበኛ ጋር ምን አለኝ?»

«ባለፈው ሳምንት በብስክሌት ገጭተው ጥለዋት የሸሹት ልጅ እግሯ ተሰብሯል። ያየዎት እሱ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከሰዓት ቃሉን ሊሰጥ ቀጠሮ ነበረው።»

መምህሩ ወደ እኔ ዞረ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

«ወንድሜ! ላስደነግጠው ብዬ ድንጋዩን አነሳሁ እንጂ አልገፋሁም። የተጫነ ጋሪ በራሱ እንደሚሄድ አንተ ታውቃለህ። ንገራት!»

እውነት ነው፤ በዚያ ቁልቁለት የተጫነ ጋሪ ገፊ አይፈልግም።

«ጋሼ?» አለች መርማሪዋ።

«እውነቱን ነው» የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጣ። የዚያ ማክሰኞ ሳቅ ትዝ አለኝ፤ ዋጥኩትና ጀርባዬን ሰጥቼ ሽቅብ ሄድኩ።